ልብስ ሰፊው ያስነሣው መጋዝ

እኔ ቀናተኛ ሰው ነኝ። አሁን በስተርጅና እንዲህ አፌን ሞልቼ የምናገረው ደፋር ስለሆንኩ አይደለም፤ ደብቄው ደብቄው ስለሰለቸኝ ነው። በሚስቴ ቀንቼ አላውቅም። በሰው ሀብት፣ በሰው ልጅ፣ በሰው ሹመትም ይህን ያህል አልቀናሁም። እኔ የቀናሁት በአሮጌ የሞተር መጋዝ ነው። ሳቁ እንጂ! እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ እስቅ ነበር።

ደባርቅ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ መጋዘኑን ያጣበበው ቁርጥራጭ ብረት በጨረታ ይሸጥ ተባለ። የተሰበረ አልጋ፣ የተጣመመ የጽሕፈት መኪና፣ ጎማ የሌለው ጋሪ፤ ከሁሉም ሥር ደግሞ ባሕር ዛፍ ለመቁረጥ በድሮ ጊዜ የመጣ አንድ የሞተር መጋዝ ተቀብሮ ነበር። ቀለሙ የለቀቀ፣ ሰንሰለቱ የዛገ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ እኔ ወሰድኩት። ለምን እንደወሰድኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ቤት ገብቼ ጋዜጣ አነጠፍኩና ብሎኑን አንድ በአንድ ፈታሁት፤ ያን ቀን ምሳ መብላቴን ረሳሁ። በሳምንቱ በቤንዚን ታጥቦ፣ ካንዴላው ተፍቆ፣ ገመዱን ስስበው ጮኸ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። እኔም ጮኽኩ።

ከዚያ ወዲያ ለቀቀኝ ብላችሁ ነው? ከዳባት አንድ ወፍጮ ቤት ጓሮ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ብረታ ብረት ሻጭ፣ ከመንገድ ሥራ ካምፕ ዘበኛ፣ የሞተ መጋዝ አለ በተባለበት ሁሉ እየሄድኩ ሰባት ሰበሰብኩ። እንጨት እየቆረጥኩ ልኖርባቸው አልነበረም። ሞተው አግኝቼ ማስነሣት ነበር ደስታዬ። ሚስቴ ግን ከአልጋ ሥር ስለማኖራቸው “ሬሳዎችህ” ነበር የምትላቸው። “ሬሳዎችህን አንሣልኝ፣ ልጠርግ ነው!” እያለች በየቅዳሜው ትጮህብኛለች። ያም ሆኖ ባሕር ዛፉን የሚያስቆርጥ፣ ወይም አጥሩ ላይ ዛፍ የወደቀበት ሰው ሲመጣ “ባለ መጋዙ አሉ?” ብሎ ነበር የሚጠይቀው። ባለ መጋዙ! መሥሪያ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ስሠራ ያላገኘሁትን ስም በዚያ አገኘሁ። መንገድ ላይ ሲጠሩኝ እንዳልሰማ ሆኜ ሁለተኛ እስኪጠሩኝ እጠብቅ ነበር።

ከሰባቱ አንዱ አልነሣም አለ። ትልቁ፣ ከዳባት ያመጣሁት። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት ብቻ የአንድ ክንድ ተኩል ያህል ነው። እንዲህ ያለ መጋዝ በአገሩ ስላልነበረ “አውራው” ብዬ ሰየምኩት። አራት ዓመት ታገልኩት። ካንዴላ ለወጥኩ፣ ካርቡራቶሩን ፈትቼ ገጠምኩ፣ ገመዱን ስስብ ትከሻዬ እስኪወልቅ ደረስኩ። ቱስ ብሎ ዝም። ሰድቤዋለሁ። አንድ ቀን በእርግጫ መትቼው የእግሬን ጣት ሳምንት አሰርኩት።

ልብስ ሰፊው የመጣው በዚህ መሐል ነው። ከቤቴ በላይ፣ ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ሱቅ የነበረው፣ የሦስት ልጆች አባት፣ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የሚያንስ ሰው ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ “ጋሼ፣ እነዚያን ሞተሮች እስቲ ልያቸው” አለኝ። አሳየሁት። በሚቀጥለው እሑድም መጣ። የሚሰማኝ ሰው ማግኘቴ ደስ አለኝ፤ ሚስቴ ስለ ፒስተን ሳወራላት ታዛጋለች። ካቻቢቴ አያያዝ፣ ሰንሰለት በሞረድ መሳል፣ ካንዴላ ማጽዳት፣ ሁሉንም አስተማርኩት። ከሁሉ በፊት ግን ያስተማርኩት የነዳጁን ነገር ነው። እነዚህ ሞተሮች ቤንዚናቸው ውስጥ ዘይት ይቀላቀልበታል። ዘይት የሌለው ቤንዚን ከተሰጣቸው ፒስተኑ ይደርቅና ነክሶ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚያድነው የለም። ስለዚህ “መጀመሪያ በሁለት ጣትህ ነክተህ እሸው፤ ካላሟለጨህ አትቅዳ” አልኩት። እሱም እንደ ዳዊት ደገመው።

አንድ እሑድ የአውራውን ካርቡራቶር ፈትቼ ዘርግቼ ሳለ ልብስ ሰፊው ከውስጡ አንዲት ክብ ነገር አነሣ። የሳንቲም ያህል ናት፤ ሞተሩ ሲሠራ እየተንቀጠቀጠች ቤንዚን የምትስበው። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል አሻሻት።

“ጋሼ፣ ይቺ ጨርቅ ደርቃለች” አለኝ።

“እሷ ጨርቅ አይደለችም፤ የሞተር ዕቃ ናት” አልኩት።

“ጨርቅማ ናት። ጎማ የተቀባ ጨርቅ። ዐርባ ጊዜ ቢያጥቧትም ከእንግዲህ አትለሰልስም።”

ተነሥቶ ወደ ሱቁ ሄደ። ሳንቃ በር ከሚባለው የፓርክ ሰፈር አንድ ስካውት፣ ማለትም የፓርክ ጠባቂ፣ ቱሪስት የሰጠውን የዝናብ ካፖርት ሊያሳጥር አምጥቶለት ኖሮ፣ የተቆረጠው ቅዳጅ በእጁ ነበር። በልብስ መቀሱ የአሮጌዋን ልክ ክብ አድርጎ ቀደደና ተመልሶ አስገባት። ገጠምነው። “ይሳቡት” አለኝ። እኔ ግን “አንተ ሳበው” አልኩት፤ እንደማይነሣ እርግጠኛ ነበርኩና። በሁለተኛው ተነሣ። ግቢው ተናወጠ! ልብስ ሰፊው እንደ ልጅ ዘለለ፣ አቀፈኝ። ሚስቴ እጇን አፏ ላይ ጭና ወጣች። እኔ በዚያ ሁሉ ጭስ መሐል ቆሜ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? አራት ዓመት የለፋሁበት መጋዝ ተነሥቶ አንድ ፍሬ ደስታ አልተሰማኝም።

ወሬው በገበያ ቀን ተዳረሰ። አራት ዓመት የሞተውን ልብስ ሰፊው አስነሣው ተባለ። እሱ ምስኪን በየደረሰበት “ያስተማሩኝ እኮ ጋሼ ናቸው” ይላል፤ ሰው ደግሞ “አቤት ትሕትናው!” ይላል። ይኼኔ እኔ በንዴት እበግናለሁ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ብዬ ለሚስቴ ስነግራት “ማን ነከሰህ? ራስህ ነህ ራስህን የምትነክሰው” አለችኝ። ሰው የተበላሸ መጋዙን፣ ቀጥሎም የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ወደ ልብስ ስፌት ሱቅ ይወስድ ጀመር። ወደ እሱ ለመድረስ እኮ በእኔ በር ነው የሚያልፉት! የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይኼ ነው።

ያደረግኳቸውን ነገሮች ብናገር አፍራለሁ፤ ግን ልናገር። ሞረዴን ሊዋስ ሲመጣ “ጠፋብኝ” አልኩት፤ ሞረዱ በዚያች ሰዓት ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበረ፣ ጫፉ ጎኔን እየወጋኝ። ሱሪዬ ረዝሞ ማሳጠር ባስፈለገኝ ጊዜ ሃያ እርምጃ ላይ ልብስ ሰፊ እያለ በሚኒባስ ዳባት ድረስ ሄድኩ። የዳባቱ አበላሽቶ አንዱን እግር አሳጠረብኝ፤ ያንኑ ለብሼ በልብስ ሰፊው ሱቅ በር አለፍኩ። አየኝ። በነጋታው በልጁ እጅ “ጋሼ ሱሪውን ይላኩልኝ፣ አስተካክላለሁ” ብሎ ላከብኝ። ይህም አናደደኝ። ክፉ ቢሆንልኝ ምን ነበረበት? በክፉ ሰው መቅናት ይቀላል።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነን ቆየን። እሑድ እሑድ መምጣቱን አልተወም፤ እኔም በግልጽ ፊት ነስቼው አላውቅም። ከዚያ በአንድ ኅዳር መጀመሪያ ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ደብር ውስጥ ነፋስ አንድ ትልቅ ጽድ ጣለ። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው፤ በራሱ የወደቀ ግን ለደብሩ ሥራ ይውላል። ችግሩ የወደቀው ቤተልሔሙ ላይ መሆኑ ነው። ቤተልሔም ለቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበት ቤት ነውና እሱ ከተዘጋ ቅዳሴ የለም። የኅዳር ሚካኤል ደግሞ ንግሣቸው ነበረ፤ የቀረው አንድ ሳምንት አይሞላም። ግንዱ ሁለት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። በመጥረቢያ ለንግሡ እንደማይደርስ ሁሉም አወቀው።

ይህን ወሬ ገና እንደሰማሁ አውራውን ወለወልኩት። በዚያ አገር ያን ግንድ የሚደፍር ሌላ መጋዝ የለም፤ አውራው ደግሞ የእኔ ነው። ደብሩ ይጠራኛል፣ ካህናቱና ሕዝቡ ከበውኝ ቆመው እቆርጣለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ባለ መጋዝ እንደሆነ ለሁሉም ይለያል። እንዲህ ብዬ ጠበቅሁ። ነጭ ጋቢ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፣ በመጋዝ ላይ ጋቢ እንደሚለበስ!

በሦስተኛው ቀን ደጃፌ ላይ ቆሜ አንድ ዲያቆን አቧራ ለብሶ ከመናኸሪያ ሲወርድ አየሁ። ቀርቦ ሰላምታ ሰጠኝና “አባቴ፣ ባለ መጋዙ የሚባለው ልብስ ሰፊ ሱቁ የት ነው?” አለኝ።

እኔን! ከሰው ሁሉ መርጦ እኔን ጠየቀኝ! ምን ላድርግ? እጄን አንሥቼ “ያውልህ፣ ሰማያዊው በር፤ አልፈኸው መጣህ” አልኩት። “እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ብሎኝ ተመለሰ። እዚያው ደጃፌ ላይ ቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው እየሮጠ መጣ። “ጋሼ፣ ሰምተዋል? ከአውራው በቀር የሚሆን የለም። እርስዎም ይምጡ እንጂ፤ አብረን እንሂድ።”

“ሥራ አለብኝ” አልኩ። ምንም ሥራ አልነበረብኝም። ከኋላው እየተከተልኩ ረዳቱ ልባል? ኧረ ወዲያ! መጋዙን ግን አልከለክል አልኩ፤ ለቤተ ክርስቲያን መከልከል ያስወራል። “ውሰደው” አልኩት።

አውራውን በጆንያ ጠቅልሎ ተሸከመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቢጫውን ጀሪካን አነሣ። ቢጫው ጀሪካን ሁልጊዜ ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን የማኖርበት ነው፤ ይህን እሱም ያውቃል። በዚያ ሰሞን ግን ንጹሑ ቤንዚን የነበረበት ነጭ ጀሪካን ሥሩ ተሰንጥቆ ስላንጠባጠበ፣ ድብልቁም አልቆ ስለነበር፣ ንጹሑን ወደ ቢጫው ገልብጬው ነበር። ዘይት ጠብ አላለበትም። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አፌን ከፈትኩ። እንደ እግዚአብሔር እውነቱን፣ ልነግረው ነበር የከፈትኩት። ያኔ ሚስቴ ከጓዳ ወጣች። “እጅህ ይባረክ! አንተ ባትኖር ይኼ ሬሳ ከአልጋዬ ሥር በስብሶ ይቀር ነበር። ያንተ እጅ እኮ ጠበል የነካው ነው!” አለችው። ልብስ ሰፊው አፍሮ አቀረቀረ። እኔም አፌን ዘጋሁ።

በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና “ጋሼ፣ የረሳሁት ነገር አለ?” ብሎ ጠየቀኝ።

“ምንም። ሂድ፣ መኪናው እንዳያመልጥህ” አልኩት።

አንድ ዓይኔን አጥፋና የጎረቤቴን ሁለቱን አጥፋልኝ ስላለው ምቀኛ ሰው፣ ልጆች ሳለን ስንሰማ እንስቅበት ነበር። የሚጠፋው እኮ የእኔ አውራ ነው! አራት ዓመት ትከሻዬን ያወለቀ መጋዝ! አውቄ ሰጠሁት። ከሄደ በኋላም ጊዜ ነበረኝ፤ መናኸሪያ ድረስ ቢበዛ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ተቀምጬ ጫማዬን ጠረግሁ።

ወሬው በንግሡ ማግሥት በሚኒባስ ረዳት አፍ ደረሰ። ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ ሴቶቹ እልል ብለው፣ ቄሱ ባርከው መጋዙ ተነሣ አሉ። ግንዱን አንድ ስንዝር ያህል እንደገባ ጮኾ ቆመ። ገመዱን ቢስቡት ንቅንቅ አልል አለ፤ ፒስተኑ ነክሶ ቀረ። አንዲት አሮጊት “ምነው፣ ጨርቅ ሰፊ ጠርታችሁ ታቦቱን አሳፈራችሁ?” አሉ። ሰዉም ጉምጉም አለ። ልብስ ሰፊው መጥረቢያ ተቀበለ። ከገበሬዎቹ ጋር ቀንም ሌትም ሳይለይ ሲፈልጥ ሰንብቶ ግንዱ ለንግሡ ዋዜማ ተነሣ፤ ቤተልሔሙ ተከፈተ፣ ተቀደሰ። መርፌ እንጂ መጥረቢያ የማያውቅ እጁ ግን መዳፉ ተላጠ።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። አልዋሽም። እሰይ አልኩ፣ በሆዴ። ቀጥሎ ፍርሃት መጣ። ጀሪካኑን ያውቃል፣ ይጠረጥረኛል፣ መጥቶ ይጮህብኛል አልኩ። የምመልስለትን አዘጋጀሁ። “ሳታሸው እንዳትቀዳ አላልኩህም? ባለ መጋዙ አንተ አይደለህም?” ልለው ነበር። ቆሜ በመስታወት ፊት ሳይቀር ተለማመድኩት።

የነቢያት ጾም በገባ በሁለተኛው ቀን የግቢዬ በር ተንኳኳ። የዚያ ደብር አለቃና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ገቡ። ከኋላቸው ልብስ ሰፊው፣ ጫማውን አውልቆ፣ ትልቅ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ እንዲህ ነው፤ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ ይቆማል። ተበዳዩ “ይቅር ለእግዚአብሔር” ብሎ ድንጋዩን በእጁ ካላወረደለት አይቀመጥም። እጁ በጨርቅ ተጠምጥሟል፤ ራሱ ከሱቁ የቀደደው ጨርቅ መሆን አለበት። ጨርቁ ላይ ደም ነበር።

“ተናገር ልጄ” አሉት አለቃው።

“ጋሼ፣ በድያለሁ” አለ፣ መሬት መሬት እያየ። “መጀመሪያ ያስተማሩኝን ረሳሁ። ጣቴን ሳልነክር ቀዳሁ። ሕዝቡ ሲያየኝ ደስ ብሎኝ፣ ኮርቼ፣ ቸኮልኩ። የአራት ዓመት ልፋትዎን ገደልኩብዎ። ስለ ሚካኤል ይቅር ይበሉኝ።”

ቤንዚኑን ማን እንደገለበጠው አልጠየቀም። አልጠረጠረኝም። እኔ ላይ ክፉ ማሰብ አልቻለበትም።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር፦ “ጀሪካኑን የለወጥኩት እኔ ነኝ፤ እያየሁ ዝም አልኩህ።” ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። ግን አንደኛው ሽማግሌ “እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ልብዎ ሰፊ መሆኑን አገር ያውቀዋል” አሉ። ሦስቱም አዩኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም እንዲያ አይቶኝ አያውቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

“ይቅር ለእግዚአብሔር” አልኩ።

ድንጋዩን ከትከሻው አነሣሁት። ይከብዳል። ከበሩ ጥግ አስቀመጥኩት። አለቃው መስቀላቸውን አውጥተው ሁለታችንንም አሳለሙን፣ እኔን አስረዝመው መረቁኝ። ልብስ ሰፊው እግሬ ላይ ወድቆ ሳመኝና በሽማግሌዎቹ ፊት “ከእንግዲህ ሞተር አልነካም። ባለ መጋዙ ጋሼ ናቸው፤ እኔ ወደ መርፌዬ” ብሎ ማለ። የፈለግሁትን አገኘሁ ማለት ነው። ሚስቴ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች አየችኝ፤ በእኔ ኮርታ።

ታርቆ ሳይበሉ መለያየት የለምና ሽሮ ቀረበ፤ አምስታችን ከአንድ መሶብ ከበብን። ልብስ ሰፊው በዚያ በተጠመጠመ እጁ፣ ባልቆሰሉት ጣቶቹ ብቻ እየለቀመ ጠቀለለና ወደ አፌ ዘረጋ። “በሞቴ!” አለኝ። ጎረስኩ። ጨርቁ ጢሜን ነካኝ፤ የመድኃኒት ሽታ አለው። ብዙ አላምጬ ዋጥኩት።

እሱ በላ። አቤት ሲበላ! ስንት ቀን ያልበላ ይመስላል። ወዲያው ቀለለው፤ መጥረቢያው እንዴት እንዳሸነፈው፣ ገበሬዎቹ እንዴት እንደቀለዱበት እየነገረ ሽማግሌዎቹን አሳቃቸው። ልጆቹ እየጠበቁት ስለሆነ ቀድሞ ተነሣ። በሩ ላይ ሄጄ ቆምኩ። አንድም ጊዜ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ ቀና ብሎ፣ የሚያውቀውን ሁሉ ሰላም እያለ ወደ ላይ ወጣ። በእጁ ቀንቼበት ነበር፣ በስሙ ቀንቼበት ነበር። ያን ዕለት ግን ያልሠራው በደል እንኳ ይቅር ተብሎለት ሲሄድ አየሁና ቀናሁበት። ከዚያ በፊት የቀናሁት ሁሉ ቅናት አልነበረም።